የአዳዳ ድርቤ ዲስክ

ቅዳሜ ጧት ባሌን ከኮምፒውተር ጋር ተኳርፎ አገኘሁት። ቀልዴን አይደለም። ጉደታ ሰው ሲያስቀይመው የሚያደርገውን ነበር ያደረገው፤ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጆቹን አጣጥፎ፣ ጸጥ። ሻዩን አጠገቡ ባስቀምጥለትም ዞር አላለም። ምን ሆንክ ስለው በአገጩ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመና «የእህቴን ቃል አላምንም አለኝ» አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ አይቻለሁ፣ ከዝናብ ጋርም ተጣልቶ አይቻለሁ፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲኳረፍ ግን ያ የመጀመሪያው ነው።

«ቅጂው አኖ፣ ድርቤ ጋ አለ እያልኩት፣ አላየሁም ይለኛል» አለ። «የእናቴ ልጅ ትዋሻለች?»

«እሱ አዳዳ ድርቤን በምን ያውቃቸዋል?» አልኩት።

«እኮ! የማያውቃትን ሰው ነው ውሸታም የሚላት።»

ስቱዲዮአችን ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት ፏፏቴ የተሣለበት ሸራ ተሰቅሎ ፎቶ ይነሣበታል፤ ለጉርድ ፎቶ ለሚመጣ ሰው የምናውሰው አንድ ኮትና ሁለት ክራቫት በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተሩ አለ፤ ከኮምፒውተሩ ኋላ ባለው በር ሲገቡ ደግሞ መኝታችንና ማጀታችን ነው። ስለዚህ ባሌ ከሥራው ጋር ሲጣላ ጠቡ ቤቴ ድረስ ይሰማል። የነቀምቴ ሰው ግማሹ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተጋብቷል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሃርድ ዲስክ ድንገት ተበላሽቶ የዘጠኝ ሙሽሮች ሠርግ ይዞብን ሄደ። ያኔ ጉደታ ሙሽሮቹን መንገድ ላይ ሲያይ ተሻግሮ በሌላው ዳር ይሄድ ነበር። ኮምፒውተር ተምራ አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ዱረቲ ይሄን አይታ ነው አንድ መላ ያበጀችልን።

መላው እንዲህ ነው። የተቀረጸው ሁሉ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ እዚህ ስቱዲዮ፣ አንዱ አኖ የጉደታ ታላቅ እህት ድርቤ ቤት ባለ ዲስክ ላይ፣ አንዱ አንገር ጉቲን ወንድሜ አሳምነው ቤት ባለ ዲስክ ላይ። የትኛው ቪዲዮ የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ሦስቱም ጋ አንድ ነው። እዚህ ቦታ ሲጠበን ለኮምፒውተሩ «ይሄን ልቀቅ»፣ ማለትም የራስህን ቅጂ አጥፋ፣ ብሎ መጻፍ ነው፤ እሱ ግን ዝም ብሎ አይለቅም። ዝርዝሩ አኖ አለ ቢለውም፣ የአኖው ዲስክ ተሰክቶለት ቅጂውን ራሱ ካላየው የራሱን አይሰጥም። ዱረቲ ትእዛዞቹን ሁሉ ከነትርጉማቸው በወረቀት ጽፋ ከስክሪኑ ጎን በፕላስተር ለጥፋለታለች። ከታች በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አለ፤ «በግድ» የሚለው ትእዛዝ ነው። እሱ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠይቅ ይለቃል። ከሥሩ «አባ፣ ይሄን እንዳትነካ» ብላበታለች። እንዲህ ብላ ከምትጽፍ ጭራሽ ባትጽፈው ይሻል ነበር፤ አባቷን ገና አላወቀችውም።

ያን ቀን ኮምፒውተሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጉደታ ሐሙስ ዕለት የቀረጸው ሠርግ ከካሜራው ሚሞሪ አልተገለበጠም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ የመምህር ጂሬኛ ልጅ ሠርግ ቤተ ክርስቲያን ይጀመራል። ሚሞሪው ካልተራገፈ ካሜራው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ ነው። አዲስ ዲስክ እንግዛ ቢባል ከተማው ውስጥ የተገኘው አንዱ አሥራ አራት ሺህ ብር ተባለ። ስለዚህ ከሁሉም ትልቁን ፋይል መርጦ ልቀቅ አለው። ትልቁ ፋይል አርባ ጊጋ ነው፤ ያለን ፍላሽ አይችለውም። ስሙ «የተረሳ ካሜራ» ይባላል። ስሙን ስሰማ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«የተረሳ ካሜራ» የእናቶቻችን ነው። የበኩር ልጃችን የኢቢሳ ሠርግ አኖ ላይ ሲደገስ ጉደታ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቁሞ ዳሱ ጥግ ትቶት ሊበላ ሄደ፤ ማጥፋቱን ረሳ። ካሜራው ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት የእሱ እናት አዮና የኔ እናት ነበሩ። እማዬ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥታ አንገር ጉቲን የሰፈረች ናት፤ እስክትሞት ድረስ ኦሮምኛ ከሰላምታ አላለፈላትም። አዮ ደግሞ ከአማርኛ የሚያውቁት «እሺ»ን ብቻ ነው። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ሲያወሩ ተቀርጸዋል። ያኔ የመጀመሪያዋን አሥር ደቂቃ አይተን በሳቅ ሞትን፤ ቀሪውን አንድ ቀን ተቀምጠን እናየዋለን አልን። ያ አንድ ቀን አልመጣም። እማዬ ሞተች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አዮም አረፉ። ሁለቱ አብረው የሚታዩበት ሌላ ነገር የለንም፤ አንድ ፎቶ እንኳ የለም፤ ፎቶ ቤት ነን እኮ። አዮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሠላሳ ዓመት አማቴ ሆነው አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ግን እወዳቸው ነበር።

«ጉዴ፣ እሱን አትነካውም» አልኩት።

«ሁለት ቦታ አለኮ። ዝርዝሩ ይኸው፤ አኖ አለ፣ አንገር ጉቲን አለ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩት። አሳምነው ጋ ደወልኩ፤ አንገር ጉቲን ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፣ አልጠራም። ዱረቲ ጋ ደወልኩ። ልጄ ገና ከእንቅልፏ በቅጡ አልነቃችም፤ ቢሆንም ነገሩን ስነግራት ድምጿ ተስተካከለ። «እማ፣ ዝርዝሩ ወሬ ነው፤ ሰው በእጁ ቢያጠፋው ዝርዝሩ አይሰማም» አለችኝ። «ኮምፒውተሩ አዳዳን አልተጠራጠረም፤ ያላየውን አላየሁም ነው ያለው። ዲስኩ ይምጣና ይሰካ። አባን ብቻ በግድ የሚለውን እንዳይነካ ጠብቂልኝ።» ጉደታ ይሄን ሰምቶ «ልጄም ከእሱ ጋር ወገነች» አለና ኮምፒውተሩን በጎን አየው። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው።»

አኖ ሄጄ ዲስኩን እንደማመጣ፣ እስክመለስ ድረስ እጁን እንዲሰበስብ ነገርኩት። እሱም ወንበሩን ሳያዞር ውሉን ነገረኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ይጠብቀኛል፤ ስምንት ሰዓት ካለፈ በግድ ይለዋል። «የሰው ሠርግ ነው ሸዌ» አለኝ። በዚህስ አልፈርድበትም፤ ዘጠኙን ሙሽሮች እኔም አልረሳኋቸውም።

መናኸሪያ ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የአኖ ሚኒባስ ለመሙላት አራት ሰው ቀርቶታል፤ ሂሳቡ ባለፈው ከሄድኩበት ሃምሳ ብር ጨምሯል፤ ሁሉም ሰው ያጉረመርማል፣ ሁሉም ሰው ይከፍላል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለአኖ ገበያ የምትወስደውን የሕፃናት ጫማ በማዳበሪያ ሞልታ እግሬ ላይ አሳረፈችብኝ፤ ግማሽ በኦሮምኛ ግማሽ በአማርኛ ስለ ጫማ ዋጋ እስከ ሲሬ ስታወራኝ፣ እኔም «ኤዬ፣ እውነትሽን ነው» ስላት ቆየን። ልቤ ግን ስቱዲዮ ነበር። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ሰዓት ሲደርስበት እጁ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ጣቱ ያቺ ቀይ መስመር ላይ ስትሄድና ስትመለስ እየታየኝ መንገዱ ረዘመብኝ።

ልጆቼ አዳዳ ስለሚሏቸው እኔም አዳዳ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አዳዳ ድርቤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከማንጎ ዛፋቸው ሥር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሶፋው ላይ ራሳቸው የሠሩት ዳንቴል፣ ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር፣ ከካላንደሩ ጎን ጉደታ ያነሣቸው የቤተሰቡ ፎቶዎች በዕድሜ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። አካም ጂርቱ ብዬ ከገባሁ በኋላ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ዱረቲ መቼ እንደምታገባ ተጠይቄ ስጨርስ አራት ሰዓት ተኩል አለፈ። ከዚያ ነው የመጣሁበትን የነገርኳቸው። ተነሡ፤ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ሳጥናቸውን ከፈቱ፤ ከብርድ ልብሶቹ መሃል በሻሽ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ሻሹ በክር ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

«ይኸው» አሉ። «ከራሱ ከጉደታ በቀር የሰው እጅ አልነካውም። አደራ አይደል?»

እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ቆርቆሮውን ወደ ጭናቸው መለሱት። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። የሰጣቸው ጉደታ ነው፤ የሚመልሱትም ለጉደታ ነው፤ አደራ በሰው በኩል አይመለስም። «አንቺን ጠልቼ አይደለም ሸዋጌ» አሉኝ፤ «አንቺ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ፣ አንቺንም ዲስኩንም ለጉደታ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?» ለጉደታ ደወልኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ኤዬ፣ ኤዬ እያሉ ሰምተው ስልኬን መለሱልኝ። «ድምፁ የእሱ ነው። እሱ ግን እዚህ የለም።» እኔ ሳቄ መጣ። ከአንዱ ኮምፒውተር ሸሽቼ ሌላው ጋ ነው የደረስኩት። ብስቅም አዳዳን አልተቀየምኳቸውም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው በዘመኔ ብዙ አላየሁም።

በመጨረሻ ራሳቸው ሊያመጡት ተስማሙ። ግን ከአዳዳ ቤት በባዶ ሆድ አይወጣም። አንጮቴ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ ቀርቧል፤ እሱን ሳልበላ ብነሣ ዕድሜ ልኬን ይነገርብኛል። በላሁ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ለወጡ፣ ዶሮዎቹን እንዲያይላቸው ለጎረቤት ነገሩ፣ በሩን ቆለፉ፣ ተመልሰው መቆለፉን አዩ፣ መንገዱ ላይ ከደረስን በኋላ ደግመው ሊያዩ ሲመለሱ በክንዳቸው ያዝኳቸው። ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለት እጃቸውን ጭነውበታል።

ሲሬ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ቆርቆሮውን ክፈቱት አላቸው። አደራ ነው አሉት። የማን አደራ ነው ሲላቸው፣ የወንድሜ አሉት። እሱም ምን እንደያዘ ሲጠይቃቸው ዘወር ብለው አዩኝና «ሠርግ ነው» አሉት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ አዳዳ ግን አልሳቁም፤ አንዷን ቋጠሮ ብቻ ፈትተው የሻሹን ጫፍ አነሡለት፣ እሱም አይቶ አሳለፋቸው፤ እዚያው ቆመው ቋጠሮውን መልሰው እስኪያስሩ ድረስ ሚኒባሱ ጠበቃቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገና ነቀምቴ አልገባንም። ለጉደታ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ የለም። በልቤ እማዬንና አዮን ዳሱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፤ ጠብቁኝ አልኳቸው። ሞኝነት ነው፤ ግን ብያቸዋለሁ።

ስቱዲዮው በር ላይ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ጉደታ በግድ የሚለውን ትእዛዝ ጽፏል፤ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የመጨረሻዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል። «ስምንት ሰዓት አልፏል» አለኝ ዞር ሳይል። «አውቃለሁ» አልኩት። እህቱን ሲያይ ብድግ አለ፤ ተሳሳሙ፤ አዳዳ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ሰጡት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ዲስኩ ተሰካ። ጉደታ የጻፈውን አጥፍቶ ልቀቅ የሚለውን ብቻ ጻፈ፤ የሚለቀቁትንም ከአሮጌዎቹ ሠርጎች ሃያ ያህል አድርጎ ዘረዘራቸው፤ «የተረሳ ካሜራ»ን መጨረሻ ላይ አስገባው። ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ስማቸውን ይጠራና ዲስኩን አይቶ ኦኬ ይላል። የዚያ ሙሽራ ሠርግ፣ ኦኬ። የዚያች ምርቃት፣ ኦኬ። አዳዳ ከኋላችን ቆመው በእያንዳንዱ ኦኬ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አደራቸው እየተቆጠረላቸው ነው። ጉደታም ፊቱ እየበራ ሄደ። «አላልኩም?» አለኝ። «እህቴ ናት እኮ።» የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቆመ። ኦኬ አላለም። ጉደታ የወጣውን ጽሕፈት ከዱረቲ ወረቀት ጋር በጣቱ እያመሳከረ አነበበው። እዚህ ዲስክ ላይ የለም ነው የሚለው።

ውጭ ባጃጆች ያልፋሉ፤ ሸራው ላይ ያለው ፏፏቴ እንደ ቆመ ነው። አዳዳ ድርቤ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጃቸው ወደ ሻሹ ሄደ፤ ክሩን አንሥተው ቋጠሮዎቹን አሳዩኝ፤ የሳቸው ቋጠሮ ነው፣ ማንም አልፈታውም፣ በእግዚአብሔር ፊት ማንም አልፈታውም። ሰባ ዓመታቸው ነው። አደራ በላ የሚባል ስም እስከ ዛሬ በአጠገባቸው አላለፈም። እንዲህ ሲምሉ ሳይ ስለ ቪዲዮው እንኳ ለአፍታ ረሳሁ። «አዳዳ፣ ማንም እርስዎን አላለም» አልኳቸው። ጉደታን አየሁት፤ አንድ ነገር እንዲል። እሱ ግን ወለሉን ነው የሚያየው። ሠላሳ አምስት ዓመት የማውቀው ዝምታ አለ፤ የኩርፊያ ዝምታ አይደለም፤ የጥፋተኛ ዝምታ ነው።

«ጉዴ» አልኩት።

«ሐምሌ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረው። ባለፈው ሐምሌ አጎታቸው ሞቶ አኖ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቀብሩን ሲቀርጽ ላፕቶፑ ሞላበት። እህቱን ዲስኩን አምጪልኝ አላት፤ እሷም ባለቤቱ ነውና ምንም ሳትጠይቅ ፈትታ ሰጠችው። በቸኮለበት ትልቁን ፋይል በእጁ፣ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ሳይሆን በእጁ፣ አጠፋው። አሳምነው ጋ አለ፣ ስቱዲዮም አለ ብሎ ነው። ቀብሩን ጫነ፣ ዲስኩን መለሰላት፤ እሷም አሠረችው። ዝርዝሩ ይሄን አልሰማም። እሱም ራሱ ረሳው።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። አሳምነው ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣለት ጧት የደወልኩትን አይቶ ነው። ሰላም ሳልለው ስለ ፋይሉ ጠየቅሁት። «ያ ትልቁ?» አለ ወንድሜ፣ ድምፁ በክፍሉ ሁሉ እየተሰማ። «እሱን እኮ አንሥቼዋለሁ እታለም። ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚያዩበት ቦታ አጣሁ። አኖ አለ ብዬ ነው። ምነው፣ ጥፋት ሠራሁ?» ኧረ የለም አልኩት። ምን ልበለው?

ጉደታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንዱ በሌላው ተማምኖ፣ ሌላው በአንዱ ተማምኖ፣ እናቶቻችን ከዓለም ላይ የቀሩት በዚህች ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጧቱን ሙሉ ጣቱን በላያቸው አድርጎ ነው የዋለው። «ኮምፒውተሩ ያላመነው ድርቤን አይደለም» አለ። «እኔን ነው።» እንባውን በመዳፉ ሲጠርግ አላፈረም። አዳዳ ሄደው እንደ ሕፃን ራሱን ዳበሱት፤ በኦሮምኛ፣ በለሆሳስ፣ «ለምን እንደፈለግኸው አልጠየቅሁህም፤ የእኔም ጥፋት አለበት» አሉት። እኔ ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ከአኖ ጀምሮ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አልወጣልኝም። «ተነሣ፣ ሙሽራ ይጠብቅሃል» ብቻ አልኩት።

ከተለቀቁት ሠርጎች ሚሞሪውን የሚያራግፍበት ቦታ ተገኘ። እሱ እያራገፈ፣ «የተረሳ ካሜራ»ን ወደ አዳዳ ዲስክ መገልበጥ ጀመርን፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ካሜራውን አንጠልጥሎ ሮጠ። ኮምፒውተሩ ግልበጣውን ጨርሶ ኦኬ ሲል ለአዳዳ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን አልተነሡም። «እሱ አይቶ ይሆናል፤ እኔ አላየሁም» አሉ። ስለዚህ ከራሳቸው ዲስክ ላይ ከፈትኩት፤ ሁለት የላስቲክ ወንበር አምጥቼ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያ አንድ ቀን በዚህ መልክ መጣ።

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ስለ ጉልበቷ ታወራለች፤ ዝናብ ሲመጣ ያማታል። አዮ ራሳቸውን ነቅንቀው ስለ ጠፋች ላማቸው ይመልሳሉ። እማዬ እግዜር ይማርሽ ትላለች፤ አዮ እሺ ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ሄዱ፤ እኔና አዳዳ ስንስቅ ስናለቅስ ቆየን። ወደ መጨረሻው ላይ እማዬ ዝቅ ብላ የአዮን እጅ ያዘች። «እኔ ሩቅ ነኝ» አለች፤ «ነገ መሄዴ ነው። ይችን ልጅ አደራ ብያለሁ።» አደራ በኦሮምኛም አደራ ነው፤ አዮ ያቺን አንዲት ቃል ሰሙ። እጇን አልለቀቁም። ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ድስቶቹ አቅጣጫ፣ ምናልባት እኔ ወደነበርኩበት እያዩ፣ በኦሮምኛ ተናገሩ። እልኸኛ ናት አሉ። አፏ አያርፍም አሉ። ግን ቤቴን ቤት ያደረገችው እሷ ናት፤ ነግሬያት አላውቅም፣ ከነገርኳት ትኮራለች አሉ። እማዬ ምንም አልገባትም፤ ተመስገን አለች።

አዳዳ ትከሻዬን ያዙኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ቃል አሥር ዓመት ሙሉ በባሌ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ጧት ደግሞ ቦታ ያጣብባል ተብሎ ሊጣል ነበር። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ስክሪኑ ላይ ጉደታ፣ ገና ጠጉሩ ያልሸበተ፣ የካሜራውን መብራት አይቶ ደንግጦ ሲሮጥ መጣ። እጁ መስተዋቱን ሲሸፍነው የአዮ ድምፅ ብቻ ቀረ። «ተው እንጂ ልጄ፣ ገና አልጨረስንም» አሉት። ከዚያ ጨለመ።

ዞር ስል ጉደታ መጋረጃው ጋ ቆሟል፤ ከሠርጉ መመለሱን አልሰማነውም። መሽቶ ኖሯል። የእናቱን የመጨረሻ ቃል ሰምቷል። ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ እህቱ ተጠጋ። አዳዳ ዲስኩን ነቅለው ቆርቆሮው ውስጥ ከትተው በሻሹ ጠቅልለው ሁለተኛዋን ቋጠሮ እያሠሩ ነበር።

«ድርቤ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የዛሬውንም ሠርግ ልጨምርበትና፣ አንድ ሁለት አሮጌ ነገር ላንሣለት፤ ስጪኝ።»

አዳዳ ቆርቆሮውን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉት።

«የምታነሣው ነገር ሌላ ቅጂው የት አለ?» አሉት። «መጀመሪያ አሳየኝ።»